ካስማው የላላ ድንኳን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ ድንኳን ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ የምትሰሙን ሁሉ፥ ንግግራችንን ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንለምናችኋለን። እባካችሁ በአጠገባችሁ ያለውን ገመድ በዓይናችሁ ተከትላችሁ እስከ መሬት ድረስ ውረዱ፤ በመጨረሻው የታሰረበትንም ካስማ ተመልከቱ። ራሱ ወደ ውጭ ያዘነበለ፥ እስከ አንገቱ በመሬት የገባ፥ ገመዱም ከአፈሩ ጋራ ተጠግቶ የታሰረበት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይህን ድንኳን ትናንት ከሰዓት በኋላ የተከልነው እኛ ነን። ደመናው እንደምታዩት ከጠዋት ጀምሮ በላያችን ከብዷል፤ ነገር ግን አትሥጉ። ለምን እንደማትሠጉ ለመንገር ነው የቆምነው።

ስለ ድንኳን አተካከል እንናገራለን ባልን ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን ሳቁብን። «በዓሉ ታላቅ ነው፤ ስለ ሳይንስ፥ ስለ አገር ልማት፥ ስለ ትምህርት ጥቅም መናገር ሲቻል ስለ ካስማ መናገር ምን ይባላል?» አሉን። እኛም ይህን አርእስት የመረጥነው ስለምናውቀው ሳይሆን ስላላወቅነውና አለማወቃችንም ሰው ስለ ጎዳ ነው ብለን መለስንላቸው።

በእውነቱ የኢትዮጵያ ልጅ ድንኳን መትከል አያውቅም ማለት ያሳፍራል። ጎንደር በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከመቆርቆሯ በፊት ነገሥታቱ ለብዙ ዘመን ከቦታ ወደ ቦታ በሚዘዋወር የድንኳን ሰፈር ይኖሩ ነበር። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር ዐይቶ እንደ ጻፈው፥ ያ ሁሉ ሕዝብ በሰፈረበት ስፍራ ሁሉ የእያንዳንዱ ድንኳን ቦታ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃል እንኳ በቀድሞ ዘመን የንጉሥ ወይም የጦር ሰፈር ማለት ነበር። ቀኛዝማች፥ ግራዝማች፥ ደጃዝማች የሚባሉትም ማዕርጎች ከሰፈሩና ከሰልፉ አቀማመጥ የተገኙ ናቸው። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መጀመሪያ በፍል ውሃ አጠገብ የታየው ቤት ሳይሆን ድንኳን ነው። ወደ ጅማችን ብንመለስ፥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ወደ ሂርማታ ገበያ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ በየመንገዱ ጭነቱን አራግፎ ሜዳ ላይ ያድር ነበር፤ ሌሊት ከዝናብ ጭነቱን መጠበቅ ያልቻለ ነጋዴ ሀብቱን በአንድ ሌሊት እንደሚያጣ የታወቀ ነው። ዛሬም ቢሆን በየሰፈራችን ለሰርግና ለሐዘን የዕድር ድንኳን ሲተከል ሳያይ ያደገ ልጅ በመካከላችን የለም። እኛ ደግሞ በሚስዮን ትምህርት ቤት ስንማር ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ እንደ ነበረ ስንት ጊዜ ሰምተናል! እንግዲህ ይህን ሁሉ እያየንና እየሰማን አድገን፥ አንድ ካስማ በወጉ መትከል ሳንችል ቀረን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ኅዳር የቡና ለቀማ በሚደረግበት ጊዜ፥ የቡናን አሰባሰብና አደራረቅ ለማየት ዐሥራ ስምንት ሆነን ሦስት ድንኳኖችን ይዘን ከጅማ ተነሣን። በአጋሮ አልፈን ወደ ጌራ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች አንዲት የቡና መንደር ደረስን። ያስተናገዱን አንድ አዛውንት የቡና ገበሬ ናቸው። ስማቸውን እንዳንጠራ ስለ ለመኑን አባባ እያልን እንናገራለን። አባባ ከቤታቸው በታች ያለውን ሜዳ ለድንኳናችን ሰጡን። ከሜዳው በላይ ቀይ እሸት ቡና የተሰጣባቸው ሁለት ረዣዥም የማድረቂያ አልጋዎች ነበሩ። በየአልጋው ላይ ሲመሽና ሲያስገመግም የሚለብስ አንዳንድ ሸራ ነበራቸው።

መምህራችን «ከመተኛታችሁ በፊት ካስማችሁን አንድ በአንድ ፈትሹ» አሉን፤ እኛም «እሺ» አልን። እሺታችን ግን የአፍ ነበረ። ጅማ በዝናብ እንጂ በነፋስ የታወቀች አገር አይደለችም፤ ኅዳር ደግሞ የመድረቂያ ወር ነው፤ ምን ይመጣል ብለን ነው። ካስማዎቹን ቀጥ አድርገን፥ ገሚሳቸው ከመሬት በላይ እንደ ቀሩ በድንጋይ መትተን ተውናቸው። የጎደሉትንም ካስማዎች ለምለም የዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጠን ተካን። ሰዓቱ ወደ ማታ ሲሆን ከድንኳኖቹ የአንዱ ጣራ ስፌቱ ተተርትሮ አገኘነው። ማካፋት በጀመረ ጊዜ አባባ ይህን አይተው ከአንደኛው የቡና አልጋ ላይ ሸራውን አንሥተው አመጡልን። «የርስዎ ቡናስ?» ብንላቸው «በሁለቱ አልጋ ላይ ያለውን ሰብስቤ በአንዱ ሸራ እሸፍነዋለሁ፤ እናንተ እንግዶቼ ናችሁ፤ እንግዳ ረጥቦ አያድርም» አሉን። እኛም ተቀበልን። ሸራውን በድንኳኑ ላይ ዘርግተን በአራት ገመድ፥ በአራት ካስማ አሰርነው።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነጎድጓድ ተሰማ። ዝናቡ ከመድረሱ በፊት ነፋስ ቀደመው። በክፍል ውስጥ እንደ ተማርነው፥ የነጎድጓድ ደመና ዝናቡን ሊያወርድ ሲል የቀዘቀዘ አየር ከላይ ወደ ታች ይወድቃል፤ መሬት ሲመታም በአራቱም ማዕዘን ይበተናል። ስለዚህ ነፋስ የማይበዛበት አገር እንኳ ለጥቂት ደቂቃዎች ብርቱ ነፋስ ያገኘዋል። ደግሞም የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ፥ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ዘጠኝ እጥፍ እንደሚሆን በፊዚክስ ትምህርት ጽፈን ፈተና አልፈንበታል። በፈተናው ላይ የጻፍነውን በዚያች ሌሊት በጀርባችን ተማርነው።

መጀመሪያ አንድ ካስማ ተነቀለ። የአባባ ሸራ በአንድ ጎኑ ተከፍቶ ነፋሱን እንደ መርከብ ሸራ ዋጠ፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ካስማ ነቅሎ ድንኳኑን ይዞ ተነሣ። የመካከሉ ምሰሶ ወድቆ የአንዱን ጓደኛችንን ግንባር ፈነከተው። ሸራውም በጨለማ ሄዶ በቡናው ዛፎች ላይ ከዳር እስከ ዳር ተቀደደ። እኛ እየጮኽን፥ በጭቃው እየተንሸራተትን፥ አንዱ ሌላውን እየጠራ ወደ አባባ ቤት ሸሸን።

በነጋ ጊዜ ወደ ሜዳው ስንወርድ ያየነውን አንረሳውም። አባባ ቡናውን ሁሉ በአንድ አልጋ ላይ ቢሰበስቡም ክምሩ ስለ በዛ የቀራቸው ሸራ ዳርና ዳሩን አላዳረሰም። ብዙ ቀን ፀሐይ የበላና ጀንፈል ሊሆን የተቃረበ ቡና ርሶ ነበር። ቡና ከደረቀ በኋላ እንደ ገና ሲርስ እንደሚሻግት፥ ሽታውና ጣዕሙም እንደሚለወጥ፥ በገበያም ደረጃው ወርዶ ዋጋው እንደሚቀንስ በዚህ አገር የሚኖር ሁሉ ያውቃል። ያ ቡና በዚያ ቤት የዓመት ልብስ፥ የዓመት ጨውና የሁለት ልጆች የትምህርት ወጪ ነበር።

አባባ ግን ስለ ቡናው አልተናገሩም። አስቀድመው «የተመታው ልጅ እንዴት አደረ?» ብለው ጠየቁ። ቍስሉ ታጥቦ መታሰሩን ካዩ በኋላ ቡና አስፈልተው አጠጡን። እኛ በዚያን ጊዜ በሹክሹክታ እንጨቃጨቅ ነበር። «የመጀመሪያው ካስማ ያንተ ነው፤» «የኔስ አልተነቀለም፤» «ገመዱን ያሰረው እርሱ ነው» እየተባባልን ነበር። አባባ ሰምተውን የወደቀውን ካስማ አነሡና፥

«ልጆቼ፥ ድንኳኑን የሚያቆመው ምሰሶው ይመስላችኋል፤ ነገር ግን ምሰሶውን የሚያቆመው ገመዱ ነው። ገመዱን የሚይዘው ካስማው ነው። ካስማውን የሚይዘው መሬቱ ነው። እናንተ መሬቱን ሳትጠይቁ ተኛችሁ» አሉን።

አባባ ለብዙ ዓመት የመንደሩ የዕድር ዕቃ ጠባቂ እንደ ነበሩ የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ጠዋት ያስተማሩንን፥ ከዚያም ወዲህ ከመጻሕፍትና ከልምምድ ያገኘነውን ጨምረን በዐምስት ክፍል እናቀርባለን። ታናናሾቻችን በተለይ አድምጡ፤ የሚመጣው ዓመት ጉዞ የእናንተ ነውና።

አንደኛ፥ ቦታ መምረጥ ነው። ውሃ ከሚሰበሰብበት ጎድጓዳና ከወንዝ ዳር ራቁ። እንደ ጅማ ባለ፥ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በሚወርድበት አገር ማታ የደረቀ ቦይ ሌሊት ወንዝ ይሆናል። ጥቂት ተዳፋት ያለው መሬት ውሃውን ራሱ ያሳልፋል። ትልቅ ዛፍ ሥርም አትትከሉ። የቡና ጥላ የሆኑት እነ ዋንዛና ሰሳ ለቡናው መልካም ናቸው፤ ነገር ግን የደረቀ ቅርንጫፋቸው በነፋስ ሲወድቅ ድንኳን አይመልሰውም፤ መብረቅም ረዥሙን ዛፍ ይመርጣል። ድንኳኑንም በጠባብ ጎኑ ወደ ነፋሱ አዙሩት፤ በሩ ግን ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን አይሁን።

ሁለተኛ፥ ካስማ ነው። በቡና ደን ውስጥ የላይኛው መሬት ቅጠልና ብስባሽ ስለ ሆነ ካስማ አይዝም። ስለዚህ ብስባሹን ጠርጋችሁ ጠንካራውን ቀይ አፈር አግኙ። ካስማው ራሱ ከድንኳኑ ርቆ ወደ ውጭ ያዘንብል። ቀጥ ብሎ የቆመ ካስማ ገመዱ ሲስበው ወደ ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል፤ ወደ ውጭ ያዘነበለው ግን በሳቡት ቍጥር መሬቱን ይገፋል፤ መሬቱም ይይዘዋል። ገመዱን ከአፈሩ ጋራ አስጠግታችሁ እሰሩ፤ ከፍ ብሎ የታሰረ ገመድ ካስማውን እንደ ዘንግ ተጠቅሞ ይፈነቅለዋልና። ለምለም እንጨት ይታጠፋል፤ ደረቅ ወይራ ወይም የፌሮ ብረት ይሻላል። አባባ ያሳዩን ደግሞ ያረጀ ቡና ሲጐነደል የሚገኘውን እንጨት ነው፤ ጠንካራና ቀጥ ያለ ነው። ነገር ግን አደራ፥ የሰው ቡና ቆርጣችሁ ካስማ እንዳታደርጉ!

መሬቱ በዝናብ የራሰ እንደ ሆነ አንድ ካስማ አይበቃም። ከመጀመሪያው በስተኋላ ሁለተኛ ካስማ ትከሉና ከፊተኛው ራስ ወደ ኋለኛው እግር በገመድ እሰሩ፤ ፊተኛው ሊያዘነብል ሲል ኋለኛው ይይዘዋል። ከዚህም የባሰ ጭቃ ከሆነ የክንድ ያህል ግንድ ገመድ አስራችሁበት ጕድጓድ ውስጥ አጋድማችሁ ቅበሩ፤ ካስማ የሚነቀልበት መሬት የተቀበረውን ግንድ በቀላሉ አይለቅም። ድንጋይ በካስማ ላይ መጫንም ይረዳል፤ ነገር ግን ሰነፍ የተከለውን ካስማ ድንጋይ አያድነውም።

ሦስተኛ፥ ገመድ ነው። ምሰሶው 2 ሜትር ቁመት ቢኖረው የገመዱ ካስማ ከምሰሶው እግር ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ገመዱን ወደ ድንኳኑ ማቅረብ ካስማውን ወደ ላይ እንዲሳብ ማድረግ ነው። የዓረብ ምድረ በዳ ዘላኖች ድንኳናቸውን ዝቅ፥ ገመዳቸውን ረዘም የሚያደርጉት ስለዚህ ነው። የገመዱም ዓይነት ይታወቅ። የቃጫና የጥጥ ገመድ ውሃ ሲነካው ያብጥና ያጥራል፤ ስለዚህ ዝናብ ሲጀምር ጥቂት ካላላችሁት ካስማውን ራሱ ይነቅለዋል። ናይለን ግን ሲርስ ይረዝማል፤ ስለዚህ ዝናብ ሲጀምር ማጥበቅ ያስፈልጋል። በዚያች ሌሊት ከአራቱ ገመዶቻችን ሁለቱ ቃጫ፥ ሁለቱ ናይለን ነበሩ። አንዱ ወገን ሲጠብቅ ሌላው ወገን ላላ፤ ሸራውም በላላው በኩል ተከፈተ።

አራተኛ፥ ቋጠሮና ቅደም ተከተል ነው። ገመዱን በካስማው ዙሪያ ካዞራችሁ በኋላ፥ ጫፉን መልሳችሁ በተወጠረው ገመድ ላይ በቀለበቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠምጥሙ፤ ከቀለበቱ ውጭ ወደ ድንኳኑ በኩል ደግሞ አንድ ጊዜ ጠምጥማችሁ ጫፉን አሹልኩና አጥብቁ። ይህ ቋጠሮ በእጅ ሲገፉት ይንሸራተታል፤ ነፋስ ሲስበው ግን ይነክሳል። ስለዚህ በጨለማም ቢሆን ሳይፈቱ ማጥበቅና ማላላት ይቻላል። ስትተክሉም ከአንዱ ጥግ ጀምራችሁ በዙሪያው አትሂዱ። ተቃራኒ ማዕዘኖችን አስቀድሙ፤ ሁሉም ከተተከሉ በኋላ ሁለት ሰዎች በሁለት ወገን ሆናችሁ እኩል አጥብቁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ እኩል የተወጠሩ ቀጫጭን ገመዶች አንዱ ብቻ ከተወጠረበት ወፍራም ገመድ ይበረታሉ።

ዐምስተኛ፥ ከመተኛት በፊት መፈተሽ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ሳይሆን የጓደኛውን ካስማ ይፈትሽ። ይህን ሕግ ያወጣነው ከዚያች ሌሊት በኋላ ነው፤ ሰው የራሱን ሥራ ሲያይ ዓይኑ ይራራልና። ሳይቃጠል በቅጠል ማለትም ይኸው ነው። በገመዶቹ ላይ ነጭ ጨርቅ እሰሩ፤ ሌሊት የወጣ ሰው እንዳይደናቀፍ። ስትነሡም ካስማውን ሁሉ ነቅላችሁ ጕድጓዱን ድፈኑ፤ የሰው ከብት እግር እንዳይሰበር። የሚያድር እንግዳ የሚታወቀው ጠዋት ትቶት በሚሄደው ሜዳ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፤

ከዚያ መንደር ከተመለስን በኋላ ገንዘብ አዋጥተን አዲስ ሸራ ገዛን። በታኅሣሥ ቅዳሜ ቀን ሄደን ለአባባ ሰጠናቸው። ከሸራው ጋራ ለቡናው የሚሆን ገንዘብም በፖስታ አድርገን ይዘን ነበር። ሸራውን ተቀበሉ፤ ፖስታውን ግን መለሱልን። «ሸራ የወሰዳችሁት ከኔ ነው፤ ሸራ መልሳችኋል። ዝናቡን ግን እናንተ አላወረዳችሁትም» አሉን። የራሰው ቡና በምን ዋጋ እንደ ተሸጠ ብንጠይቃቸውም አልነገሩንም። ከቤቱ ስንወጣ ግን ትልቁ ልጃቸው ከሌላው በግማሽ ዋጋ እንደ ሸጡት ነገረን። ስለዚህ ዕዳችንን ከፍለናል ብለን በፊታችሁ አንመካም። ሸራውን መልሰናል፤ ቡናውን ግን አልመለስንም።

ከዚህ ነገር አንድ ትምህርት አገኘን። የላላ ካስማ የሚጎዳው የተከለውን ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር፤ ሌሊቱን ረጥበን አድረን፥ ጠዋት ስቀን እንረሳው ነበር። ነገር ግን የኛ ካስማ ሲነቀል የራሰው ከድንኳኑ ውጭ የነበረው፥ ሸራውን ያበደረን ሰው ቡና ነው። የመጀመሪያው ካስማ የማን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አልተናገርንም፤ ወደ ፊትም አንናገርም። ያን ሌሊት ዐሥራ ስምንታችንም እሺ ብለን ዐሥራ ስምንታችንም ሳንፈትሽ ተኝተናል። ስለዚህ በዚህ ንግግር ሁሉ «እኛ» የምንለው ስለ ጌጥ አይደለም።

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። አንዳንዶቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፥ አንዳንዶቻችን ወደ ሥራ፥ አንዳንዶቻችንም ወደ ወላጆቻችን የቡና እርሻ እንሄዳለን። በሄድንበት ሁሉ ከላያችን ያለው ሸራ የሌላ ሰው ነው፤ ወላጆቻችን ከቡናቸው ላይ አንሥተው ያለበሱን ነው። የሥራችንን ካስማ አጥብቀን ካልተከልን ሸራው ሲቀደድ የሚርሰው የማን ቡና እንደ ሆነ አሁን እናውቃለን።

በንግግራችን መጀመሪያ እንድትመለከቱት የለመንናችሁን ካስማ እንደ ገና ተመልከቱ። ያ ካስማ ከጐነደሉት ቡና የተጠረበ ነው። ባለፈው ሳምንት አባባ ለበዓሉ እንዲመጡ ጠርተናቸው ነበር፤ ቡናቸውን የሚኮተኩቱበት ጊዜ ስለ ሆነ አልመጡም። በእርሳቸው ፈንታ ሃያ አራት ካስማ በጆንያ ላኩልን። ሃያ አራቱም በዚህ ድንኳን ዙሪያ ተተክለዋል፤ ማታም እያንዳንዳችን የጓደኛችንን ፈትሸናል።

 ስትወጡ ግን ገመዱ እንዳያደናቅፋችሁ እባካችሁ ነጭ ጨርቁን እያያችሁ እለፉ።